ማን ማንን ደገፈ

ዶክተር ፕሩይት ሰው ገና ሳይወድቅ አወዳደቁን ያውቃል። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ራሱ ነው ሂውስተን ውስጥ ጥብስ በቀረበበት ገበታ ሁሉ ላይ የሚያወራው። እኔና እሱ የምንሠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ከጠፈር የሚመለስ ሰው መሬት ሲረግጥ ቀጥ ብሎ መሄድ ይችል እንደሆነ አስቀድመን እንናገራለን። ወራት ሙሉ ሲንሳፈፍ የከረመ ሰው፣ ጆሮው ውስጥ ያለው ሚዛን ይምታታበታል። እዚህ ቢወድቅ የሚያነሳው ሞልቷል። ጨረቃ ላይ ግን ማንም የለም፤ ስለዚህ ለጨረቃ ጉዞ የሚታጨው ሲመለስ በእግሩ የሄደ ብቻ ነው።

ጠፈርተኞቹን ከመብረራቸው በፊት ከጆሮአቸው ጀርባ ትንሽ ኤሌክትሪክ እንለቅባቸውና ዓለም እየዞረባቸው በመሰናክል መሃል እናስኬዳቸዋለን። አዛዥ ዌድ ሃልቮርሰን ደረቱን ነፍቶ፣ ውልፍት ሳይል አለፈ። እንዴት አያልፍ! የፕሩይት የጎልፍ ጓደኛ ስለሆነ በየጠዋቱ እየመጣ ሲለማመድበት ነው የከረመው። አብራው የምትበረው ኖሪን ኪንታኒያ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ገብታ ከግድግዳ ጋር ተላተመች።

"ዌድ ይሄዳል፣ ኖሪን ትወድቃለች" ብሎ ፕሩይት ፈረደ።

ለጨረቃው ጉዞ የቀረው የአንድ ሰው ቦታ ነበር። ኖሪን ለዚያ ቦታ ስትል ሌላ ኑሮ አላበጀችም።

ሁለቱም በረው ከስድስት ወር በኋላ ከጠፈር ተመለሱ። ኖሪንን በተሽከርካሪ ወንበር፣ በቀበቶ ታስራ ወደ መሞከሪያው አዳራሽ አስገባናት። ዌድን ማንም አልያዘውም፤ ትንበያው ደጋፊ አያስፈልገውም ይላላ!

"ዶክተር፣ ይፍቱኝ እንጂ! ደህና ነኝ" አለች።

"ደህና ነኝ ማለት አንዱ ምልክቱ ነው።"

"እሺ ልቁምና ይዩኝ።"

"ብትወድቂስ? በእኔ አዳራሽ ማንም አይጎዳም።"

"ካልቆምኩ ታዲያ ምን ብለው ሊጽፉ ነው?"

"መቆም አልቻለችም ነዋ!"

ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ።

ዌድ ፊቱ አመድ መስሎ ጉዞ ጀመረ። ቀጥ ብሎ የሄደ እየመሰለው ወደ ግራ ነጎደ።

"ማነው ወለሉን ያዘነበለው?" ብሎ ጮኸ።

"አቤት ቀልድ! ጨዋታውን እንኳ አልረሳም" አለ ፕሩይት።

ደጋፊ የተባልን ሁሉ የኖሪንን ወንበር ከበን ቆመናል። እሷ ግን ቀበቶውን ፈታ ብድግ አለችና፣ ዌድ ሊዘረር ሲል በብብቱ ስር ገብታ ያዘችው።

"አይዞህ ወንድሜ። ፊት ለፊት ግድግዳውን እይ። ክብደትህን እኔ ላይ ጣል።"

እግሯን ትንሽ ከፈት አድርጋ እየረገጠች፣ እስከ መጨረሻው አደረሰችው። መሃል ላይ ትከሻዋ ላይ አስታወከባት፤ እሷ ግን መሄዷን አላቋረጠችም። ቦታው የሷ ሆነ ብዬ አጨበጨብኩ። ሞኝ ነኝ።

ፕሩይት ጉሮሮውን ጠርጎ መቅረጫው ላይ ተናገረ፦ "ዌድ ሃልቮርሰን እንደተተነበየው መንገዱን ሳይወድቅ ጨረሰ። ኖሪን ኪንታኒያ እንደተተነበየው ያለ ሰው አንዲት እርምጃ አልሄደችም።"

"ተሸክሜው እኮ ነው የመጣሁት!"

"ብቻሽን ስትሄጂ ያየሽ አለ?"

"አሁን ልሂድ፣ ይዩኝ!"

"ሙከራው አልቋል፤ ወደ ጨረቃ ዌድ ይሄዳል።"

ሁላችንም ወደ ዌድ ዞርን። አንድ ቃል ቢተነፍስ ይበቃ ነበር። አፉን ጠርጎ ጫማውን ሲያይ፣ ከትውከቱ ይልቅ እሱ ራሱ አስጠላኝ።

"ዌድ፣ እዚያ ስትወድቅ ማን ያነሳሃል?" አለችው ኖሪን።

"አልወድቅም። ዶክተሩ ተናግረዋል።"

ይህን ሲል እጁ ገና ትከሻዋ ላይ ነው። ኖሪን እጁን ቀስ ብላ አነሳችና፣ በዚያ ሁሉ መሰናክል መሃል አንዱንም ሳትነካ ብቻዋን ወደ በሩ ሄደች። ፕሩይት አላያትም፤ ጎንበስ ብሎ ዌድን ከወለል እያነሳ ነበር።