የሠላሳ አንድ ነጥብ ክፍፍል

አቶ ይሄይስ ስለ ቅርጫት ኳስ የሚያውቁት ቅርጫቱ ታቹ ክፍት መሆኑን ብቻ ነው። እሱንም ያወቁት በጨዋታው ቀን ነው፤ ከጎኔ ተቀምጠው «ኳሷ ለምን እዚያው ውስጥ አትቀርም?» ብለው ሲጠይቁኝ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ በሰቆጣ የስፖርት ጉዳይ የተሰጣቸው፣ የእኔም አለቃ።

እኔ ፈንታሁን እባላለሁ። ከደብረ ታቦር ተመድቤ ስመጣ የሥራ መደቤ «የስታትስቲክስ ባለሙያ» ነበር። አራት ዓመት ሙሉ የቆጠርኩት ነገር ቢኖር የስብሰባ ተሳታፊ ነው፤ እሱም አልሞላ ሲል ሻይ ይዛ የምትገባዋ ሴትዮ ሁለት ጊዜ ትቆጠራለች። ስለዚህ ባለፈው ሚያዝያ ለተጫዋቾቹ ደመወዝ የሚከፍል እውነተኛ ክለብ የሴት ቡድኑን ይዞ ለወዳጅነት ጨዋታ ሲመጣ ደስ አለኝ። በስተመጨረሻ የሚቆጠር ነገር አገኘሁ አልኩ።

ክለቡ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣው ለሽርሽር አይደለም። አንዲት ተጫዋች ቸግሮታል። ዋናው አሰልጣኝ ግን ራሱ አልመጣም፤ ምክትሉን ተስፋውን ልኮ «የጨዋታውን መረጃ በወረቀት ላኩልኝ፣ ከዚያ ላይ እመርጣለሁ» አለ። የተመረጠችው ልጅ ደመወዝና ማደሪያ ታገኛለች። ይህን የሰማች ሰገነት ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ሰገነት ከኒሯቅ ተፈናቅላ የመጣች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ከአክስቷ ጋር በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ትኖራለች። ቀን ለግንበኞች አሸዋ ታመላልሳለች፣ አመሻሽ ላይ መረብ በሌለው ቅርጫት ትወረውራለች። ቁመቷ ይህን ያህል አይባልም። እጇ ግን አይስትም።

በጨዋታው ቀን አምሳ አንድ ለአርባ ሰባት ተሸነፍን። ከአርባ ሰባቱ ሠላሳ አንዱን ያገባችው ሰገነት ናት። ሃያ አንድ ጊዜ ሞክራ አሥራ አራቱን አስገባች (ሁለቱ ከሩቅ የተወረወሩ፣ ባለ ሦስት ነጥብ ናቸው)፣ አንድ የቅጣት ውርወራ ጨመረች፣ ከቅርጫቱ ነጥሮ የተመለሰ ኳስ፣ ሪባውንድ የሚሉትን፣ አሥራ አንድ ጊዜ ያዘች፣ ስድስት ኳስ ከእጃቸው ነጠቀች። የቀሩት ዘጠኙ ተጋግዘው አሥራ ስድስት አመጡ። ማህደር የምትባለው አራት ደቂቃ ገብታ ኳስ ሳትነካ ወጣች። ከሰሃላ ለገበያ የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ ዕቃቸውን መሬት ጥለው በአገሩ ቋንቋ በኽምጥኛ ይጮኹ ነበር። እኔም እያንዳንዷን ነገር መዘገብኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ወረቀት ጽፌ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት አቶ ይሄይስ አስጠሩኝ። ወረቀቴን በሁለት ጣታቸው፣ የታመመ ሰው መሐረብ የያዙ ይመስል፣ አንጠልጥለውታል።

«ምንድን ነው ይሄ? ይቺ ልጅ ስድስት መቶ ሃያ በመቶ?»

እንዲህ ነው ነገሩ። በእኛ ቢሮ ያለ ዕቅድ አይነጠስም። ጨዋታው ሳይጀመር ዕቅድ ጽፈን ወደ ላይ ልከን ነበር፤ ቡድኑ አምሳ ነጥብ፣ ለአሥር ተጫዋች ሲካፈል አምስት አምስት። ሰገነት ከአምስት ሠላሳ አንድ አመጣች።

«ቡድኑ ዘጠና አራት በመቶ ነው፣ ጥሩ» አሉ። «ግን ስድስት መቶ ሃያ በመቶ ካየ የበላይ አካል ምን ይላል? ዕቅዱ አልተለጠጠም ይላል። የሚገመገመው ማን ነው? እኔ። ደግሞ ምንም ያላገቡ ሦስት ልጆች፣ ሦስት ዜሮ! ዜሮ አፈጻጸም ያላት ፈጻሚ ይዤ ልቅረብ?»

«አቶ ይሄይስ፣ ያገቡት እኮ ይሄው ነው።»

«ማን አላገቡም አለ? ጠቅላላው አርባ ሰባት ነው፣ አርባ ሰባት ይቆያል። ከተረፋት ላይ ለጎደላቸው ስጥ።»

አምላኬ ምስክሬ ነው፣ ቃል በቃል እንዲህ አሉ። ከዚያ እስክሪብቶ አንስተው ራሳቸው ገቡበት። ለሰባቱ አምስት አምስት፣ ለሦስቱ አራት አራት። ኳስ ያልነካችው ማህደር ባለ አምስት ነጥብ ሆነች። ሪባውንዱንም እንደ ዘይት ራሽን አከፋፈሉት። «ያልተሳካ ሙከራ» የሚለውን ዓምድ ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረና «በሂደት ላይ ያለ» ብለው አረሙት። የሳተ ኳስ በሂደት ላይ! እስካሁን የት እየሄደ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ከታች ደግሞ «ያጋጠመ ችግር፦ የተጋጣሚ ቁመት። የተወሰደ መፍትሔ፦ ከሚመለከተው አካል ጋር ውይይት ተጀምሯል» የሚል ጨመሩ።

«ይሄ ለበላይ አካል ይሂድ» አልኩ። «ለክለቡ ግን የመጀመሪያውን ልላክ። ልጅቷን የሚመርጡት በሱ ነው።»

አቶ ይሄይስ ዓይናቸውን በጨው አጥበው አዩኝ። «ለአንዱ ሌላ፣ ለአንዱ ሌላ? ፈንታሁን፣ ይሄማ ማጭበርበር ነው።»

ልስቅ ነበር። ግን እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ካለ አንድ ፋይል ላይ አረፈ። በውስጡ ወደ ደብረ ታቦር የጠየቅሁት የዝውውር ማመልከቻ አለ፤ ስድስት ወር የእሳቸውን ፊርማ ሲጠብቅ የከረመ። ፋይሉን መታ መታ ብቻ አደረጉት። እኔም «መረጃውን ያጠናቀረው» ከሚለው ሥር ፈረምኩ።

በሳምንቱ ተስፋው ደወለ። መስመሩ ስለሚቆራረጥ የቢሮው ስልክ የሚሰማው እየጮኹ ነው፤ አቶ ይሄይስም ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሁሉንም ይሰማሉ።

«ስማ ፈንታሁን፣ ያቺ አጭሯ ልጅ አምስት ነጥብ ትላለች ወረቀትህ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ እኮ! ዋናው አሰልጣኝ ግን አላያትም፤ ባለ አምስት ነጥብ ምን ያደርግልኛል ይላል። አንተ ነህ የመዘገብከው። ተሳስቷል በለኝና ዛሬውኑ ትምጣ ልበል።»

የሚበቃው አንዲት ቃል ነበረች፤ «ተሳስቷል»። አራት ዓመት ሙሉ በአለቃዬ ላይ በሆዴ ስሳለቅ የኖርኩ፣ ከማንም በላይ አዋቂ ነኝ ባይ፣ ዓይኔን ወደዚያ ፋይል መለስኩ።

«ፊርማዬ ያለበት ነው» አልኩ። «ትክክል ነው።»

ተስፋው ስልኩን ዘጋው። አቶ ይሄይስ ፋይሉን ከፍተው የዝውውር ማመልከቻዬን ፈረሙልኝ፤ «ጥሩ ሠራተኛ ነህ» ብለውም ጨመሩበት። ያን ጊዜ ያፈርኩትን ያህል በልጅነቴ ሰርቄ ስያዝ እንኳ አላፈርኩም። ወረቀቱን ግን ተቀበልኩ።

አርብ ዕለት መሳቢያዬን ባዶ ሳደርግ ሰገነት በሩ ላይ ቆመች። ከሥራ በቀጥታ የመጣች ናት፣ ክንዷ ላይ አሸዋ አለ።

«ጋሼ ፈንታሁን፣ ሠላሳ አንድ አልነበር ያገባሁት?»

«ነበር።»

«ወረቀቱ ላይስ?»

«አምስት።»

ትቆጣለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን በሐሳቧ አምስትን ከሠላሳ አንድ ቀነሰች።

«ሃያ ስድስቱን ለማን ሰጡብኝ?»

ነገርኳት። ለማህደር ይሄን ያህል፣ ለሌሎቹ ይሄን ያህል እያልኩ፣ ዘጠኙንም በስም ቆጠርኩላት።

«ማህደርን ጠሯት?»

«አልጠሯትም። ከመካከላችሁ ማንንም አልጠሩም። ከሌላ ከተማ ልጅ ወስደዋል፤ ቦታው ሞልቷል።»

«ለማንም ካልጠቀመማ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔው ጋ ቢቀር ምን ነበረበት?»

ይቅር በይኝ ልላት አፌን ከፈትኩ።

«ዕቅዱ እኮ አምስት ነበር» አልኳት።