የራሷ መስመር

ጥሩሰው የመጨረሻዋን ብሎን አጥብቆ ላፕቶፑን ገለበጠና የማብሪያውን ቁልፍ ተጫነ። ስክሪኑ ለአፍታ በርቶ መልሶ ጠቆረ። ከላይ በኩል አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ ብቻ ቀረ፤ ያልተፈቀደ ካርድ ተገጥሟል፣ አጥፍተው ያውጡት የሚል። አጠፋው። እንደገና አበራው። ያው ጽሑፍ መጣ።

"ምን አለ?" አለች ሚስቱ ሉሲ። ወለሉን መጥረግ አቁማ ከጀርባው ቆማለች።

"ካርዱን አልቀበልም አለ።"

"ሌላ መንገድ የለውም?"

"ቆይ እስቲ" አላት፤ መንገድ ይኑረው አይኑረው ግን ገና አላወቀም።

ፈተናው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አሁን ረፍዷል። ሉሲ ነርስ ናት። አየርላንድ ያለ አንድ ሆስፒታል ሊቀጥራት ፈቅዶ የቀራት የእንግሊዝኛ ፈተና ብቻ ነው። ፈተናውን የምትወስደው ቤቷ ሆና፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ብቻዋን፣ ፈታኟ በካሜራ እያየቻት ነው። ለዚህ ቀን ወራት ሙሉ ስትዘጋጅ ነው የከረመችው፤ ከአዳር ሥራ ወጥታ ሳትተኛ ስታነብ፣ ታክሲ ውስጥ የጆሮ ማዳመጫ ሰክታ የማታውቃቸው ሰዎች ሲያወሩ ስትሰማ። ለጎረቤትም ለዘመድም አልተናገሩም። ካልሆነ መሳቂያ እንሆናለን ያለችው እሷ ነበረች፤ ጥሩሰውም ደስ ብሎት ዝም አለ፤ ያልተነገረ ነገር እውነት አይመስልምና።

ያልተዘጋጁት ለገመዱ ነበር። በሳምንቱ መጀመሪያ መንገድ ለማስፋት ሲቆፍር የነበረ ማሽን የኢንተርኔቱን ገመድ በጠሰውና የሚኖሩበት የቀራንዮ ሰፈር በሙሉ ያለ ዋይፋይ ቀረ። ከስልክ ማጋራት ይቻል ነበር፤ የፈተናው ፕሮግራም ግን ከስልክ የሚመጣ ኢንተርኔትም ሆነ ጎን ላይ የሚሰካ ሞደም አይወድም። ትናንት ሁለቱንም ሞክረው ሁለቱንም ከለከላቸው። መስመሩ የኮምፒውተሩ የራሱ መሆን አለበት። ጦር ኃይሎች አካባቢ ለአንድ ቀን ቤርጎ ሊይዙም ጠይቀው ነበር፤ ዋይፋዩ እንግዳ መቀበያው ጋ ካልሆነ ክፍሎቹ ውስጥ አይደርስም። ቀኑን ማዛወርም አይሆንም፤ ቀጣዩ ፈተና የሚሰጠው ሆስፒታሉ ቅጥሩን ከዘጋ በኋላ ነው።

ጥሩሰው ላፕቶፕ ጠጋኝ ነው። የሉሲን ላፕቶፕ ባትሪ ትናንት ሲያወጣው ከሥሩ የሲም ካርድ ማስገቢያ አየ። አሮጌ የቢሮ ላፕቶፕ ነው፤ ድሮ እንዲህ ያሉት እንደ ስልክ ሲም ገብቶላቸው፣ በራሳቸው ከኔትወርክ ጋር እንዲገናኙ ተደርገው ይሠሩ ነበር። ሆዱን ሲከፍተው የሞደም ካርዱ ቦታ ባዶ ነው። የአንቴናዎቹ ቀጫጭን ገመዶች ግን ጫፋቸው በፕላስቲክ ተሸፍኖ እዚያው ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ከሱቁ ትርፍራፊ ውስጥ አንድ የሞደም ካርድ ፈልጎ ገጠመለት።

አሁን ያንን ካርድ ነው ማሽኑ አልቀበልም ያለው። ጥሩሰውን ያስደነገጠው ግን ማሽኑ አይደለም። ጽሑፉን እንዳነበበ መጀመሪያ የተሰማው ነገር ነው። እፎይ ብሎ ነበር። እንግዲህ አትሄድም ማለት ነው የምትል፣ አንድ ትንፋሽ እንኳ የማትሞላ እፎይታ።

አፈረ። ካቻቢቴውን አነሳና ብሎኖቹን መልሶ መፍታት ጀመረ።

ካርዱን አውጥቶ ላዩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ሲያይ ነገሩ ገባው። የላፕቶፑ ፋብሪካ የሚያሳልፈው የራሱን ቁጥር የያዘ ካርድ ብቻ ነው፤ ይኸኛው ከሌላ ማርክ የወጣ ነው። ትክክለኛው ሊኖረው የሚችል አንድ ሰው ያውቃል። ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ለሉሲ ቶሎ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ። ግቢው በር ላይ ልጃቸው ውዳሴ ከጎረቤታቸው ከእትዬ ዘመነች የልጅ ልጆች ጋር ትጫወታለች። የት እንደሚሄድ ጠየቀችው። የእማዬን ኮምፒውተር ላሠራ ነው አላት። ከተሠራ በኋላ ካርቱን ታይበት እንደሆነ ጠየቀችው። እናያለን ብሏት አለፈ።

መንገዱ ተቆፍሮ ታክሲው በጠባቧ ጎን እየተንፏቀቀ ነው የሄደው። ረዳቱ ሂሳብ ሲለው ሁለት ጊዜ አልሰማውም። የውዳሴን ፀጉር ማን እንደሚሠራላት እያሰበ ነበር። ሉሲ አዳር ስትሆን እሱ ሞክሮ ያውቃል፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት ተስቆባት ተመልሳለች።

ያደሳ የሚባለው ይህ ሰው አሮጌ ላፕቶፕ እየገዛ፣ በታትኖ አካል አካሉን የሚሸጥ ነው። ጦር ኃይሎች ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ያለች ሱቁ እስከ ጣራዋ በስክሪንና በኪቦርድ ተሞልታለች። ጥሩሰው ቁጥሩን አሳየው። ያደሳ ቁጥሩን ደጋግሞ አየና ከመደርደሪያ ሥር ያንኑ ማርክ ላፕቶፖች አወጣ። የመጀመሪያው ባዶ ነው። የሁለተኛው ካርድ ዝጓል። ሦስተኛውን ሲከፍት ጥሩሰው ሳያስበው ጀርባውን አዞረ። ቢኖርም ባይኖርም ማየት አልፈለገም።

"ይኸውልህ" አለ ያደሳ።

እዚያው ገጥመው አበሩት። ስክሪኑ አልጠቆረም፤ ማሽኑ ያለ ኩርፊያ ተነሳ።

"ለማን ነው እንዲህ የቸኮልከው?" አለ ያደሳ፣ ብሎኖቹን እያቀበለው።

"ለደንበኛ።"

ያደሳ ቀና ብሎ አየው። ሲሸኘው እንዲህ አለው፦ "ካርዱ ከውጭ የመጣ ነው። የለመደውን ኔትወርክ ሲፈልግ ይውላል። መጀመሪያ ያንን አስረሳው፤ ከዚያ የእኛን አገር ኔትወርክ ስም ስጠው። እንዲህ ካልሆነ ሲሙን ቢያየውም አይንቀሳቀስልህም።"

ጥሩሰው ቤት ሲደርስ ሉሲ ክፍሉን ለፈተናው አዘጋጅታ ጨርሳለች። ግድግዳው ላይ ጽሑፍም ሥዕልም መኖር የለበትም ስለተባለ የሠርጋቸውን ፎቶ፣ የቀን መቁጠሪያውንና ውዳሴ የሳለቻትን አበባ አውርዳ አልጋው ሥር አስገብታቸዋለች። ሚስማሮቹ ብቻ ቀርተዋል። ጥሩሰው በሩ ላይ ትንሽ ቆመ። ክፍሉ ተከራይ የለቀቀው ቤት ይመስላል።

"ሆነ?" አለችው።

"ካርዱን ተቀብሏል። አሁን የቀረው ኔትወርኩ ነው።"

"ምሳ ላቅርብልህ?"

አልራበኝም አላት። እሷም አልበላችም። ወደ ውጪኛው ክፍል ወጥታ ዓይኗን ጨፍና፣ በእንግሊዝኛ ለራሷ ስትናገር ይሰማው ጀመር። አንድ በሽተኛ ሊያገኛት የመጣ ይመስል ታናግረዋለች፤ የት ጋ ነው የሚያምዎት፣ መቼ ነው የጀመርዎት ትለዋለች።

የሉሲን ሲም ከስልኳ አውጥቶ ባትሪው ሥር አስገባና ላፕቶፑን አበራው። ኮምፒውተሩ ሲሙን አወቀው፤ ኔትወርክ ግን የለም ይላል። ያደሳ እንዳለው ነው። ካርዱ ድሮ የነበረበትን የውጭ ኩባንያ አገልግሎት እየፈለገ ነው። ያንን የሚቀይርበትን ቦታ ፍለጋ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲመላለስ ቆየ። ስምንት ሰዓት እየቀረበ ነው። አገኘውና ቀየረው፤ ካርዱ ጠፍቶ ተነሳ፤ እንደገና ኔትወርክ የለም አለ። ኔትወርክን ሁሉ የሚዘጋው የበረራ ሁኔታ፣ ኤርፕሌን ሞድ የሚሉት፣ ተከፍቶ እንደሆነ አየ፤ ተከፍቶ ነበር። ዘጋው። ከዚያ የግንኙነቱን ገጽ ከፍቶ፣ ሲሙ የሚገባበትን የኔትወርክ ስም በስልኩ ውስጥ ያለውን እያየ ፊደል በፊደል ጻፈ። ይገናኝ የሚለውን ተጫነ።

ትንሿ ክብ ዞረች፣ ዞረች። ቆመች። ከታች በስተቀኝ መሰላል የመሰሉት መስመሮች አንድ በአንድ ሞሉ። የፈተናውን መፈተሻ ከፈተው። ካሜራ ደህና። ድምፅ ደህና። ኢንተርኔት ሲደርስ ብዙ ቆየ፤ ጥሩሰው ላፕቶፑን አንስቶ መስኮቱ አጠገብ ወሰደው። ኢንተርኔት ደህና አለ።

ከውጪኛው ክፍል የሉሲ ድምፅ ይሰማል። በሽተኛውን አሁን እያጽናናች ነው።

ጥሩሰው ስክሪኑን እያየ ተቀመጠ። ከዚያ እጁ ሄዶ የበረራውን ሁኔታ ከፈተ። መሰላሉ ጠፋ። ማንም አላየውም፤ ማንም ሊያውቅም አይችልም። አሮጌ ማሽን ነው፣ አሮጌ ካርድ ነው። ሞክሬ ሞክሬ እምቢ አለኝ ቢላት ታምነዋለች። ምናልባት ታለቅስ ይሆናል፤ ነገ ወደ ሥራዋ ትገባለች፤ ፎቶውን ወደ ሚስማሩ ይመልሱታል።

ሉሲ ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እጆቿን ጉልበቶቿ መሃል ከተተች።

"እንዴት ነው?"

"እየሞከርኩ ነው።"

ባዶውን ግድግዳ አየች። ቀጥላ ስትናገር ድምጿ ዝግ ያለ ነበር። "ጠዋት ማሽኑ እምቢ ሲል ፊትህን አይቼዋለሁ፣ ጥሩሰው።"

ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም።

"ካልፈለግክ አሁኑኑ ንገረኝ" አለችው። "እቀራለሁ አልልህም፣ እሄዳለሁም አልልህም። ግን ማሽኑን ምክንያት አታድርገው። ዕድሜዬን ሙሉ በአንድ ካርድ ምክንያት ቀረሁ እያልኩ መኖር አልችልም።"

ጥሩሰው የላፕቶፑን ጠርዝ ያዘ። ፈርቶ ነበር፤ ሁሉንም ነገር ነበር የፈራው፤ አየር ማረፊያውን፣ በስልክ ብቻ የሚታይ ፊቷን፣ ውዳሴ ማታ ማታ እናቴ መቼ ትመጣለች ብላ ስትጠይቀው የሚላትን። ቤተሰብ በኋላ ይከተላል ይባላል፤ የተከተለም አለ፣ የቀረም አለ።

"አልፈልግም" አላት።

ሉሲ አንገቷን ደፋች።

የበረራውን ሁኔታ ዘጋውና ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረው። መሰላሉ ተመልሶ ሞላ። "ግን ሠርቷል። አንቺ ከመግባትሽ በፊት ነው የሠራው። አጥፍቼው ነበር።"

ከስክሪኑ ወደ እሱ ዞረች። የሚቆጣ ፊት አልነበረም፤ ምን ዓይነት ፊት እንደነበረ በኋላም ሊገልጸው አልቻለም። ከዚያ ተነስታ ወንበሯን ሳበች፣ ተቀመጠችና ካሜራው ግድግዳውን እንዴት እንደሚያሳየው አየች።

"ጠረጴዛውን ከመስኮቱ እንዳላርቀው ነው?"

"አዎ። እዚያው ይሁን።"

"እሺ። ስልክህን ይዘህ ውጣ" አለችው። "በሩንም ዝጋው።"

ወጥቶ ዘጋው። ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከውስጥ የፈታኟ ድምፅ በሩቁ መጣ፤ ሉሲም ስሟን ስትናገር ሰማ። ቀስ ብሎ ነው የጀመረችው፤ እየቆየ ድምጿ ቀና አለ።

ከእሱ የሚጠበቀው ያለቀ መስሎት ስልኩን አወጣ። አንድ ገጽ ሊከፍት ሞከረ፤ እየጎተተ ቆየና ሳይከፈት ቀረ። ሰዓቱን አየ። ከምሳ በኋላ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ቤቱ ገብቷል፤ ገመዱ ከተበጠሰ ወዲህ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው በስልክ ዳታ ነው የሚኖረው። ሉሲ ያላት ያችው አንዲት ኔትወርክ ናት፤ ከሁሉም ጋር እየተሻማች። መሃል ላይ ብትቆረጥ ፈተናው ይሰረዛል።

መጀመሪያ የራሱን ዳታ አጠፋ። ትንሽ ተቀመጠ። ዝም ብሎ መቀመጥ ይችል ነበር፤ የድርሻውን ሠርቷል፤ ከእንግዲህ የሚሆነው የኔትወርኩ ጉዳይ ነው። ከውስጥ ሉሲ ስትናገር መሃል ላይ ቆመች፤ ፈታኟ አልተሰማኝምና ድገሚልኝ ስትላት ሰማ።

ተነሳና ግቢውን አቋርጦ የእትዬ ዘመነችን በር አንኳኳ። ልጆቹ፣ ውዳሴም ጭምር፣ አንድ ስልክ ከበው ቪዲዮ ያያሉ።

"እትዬ ዘመነች፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር" አላቸው። "ለጥቂት ሰዓት የቤቱን ዳታ ሁሉ ቢያጠፉልኝ።"

እትዬ ዘመነች ደንገጥ አሉ። "ምነው ልጄ፣ ምን ሆናችሁ?"

ደንበኛ ሊል ነበር። አፉ ላይ ደርሶም ነበር።

"ሉሲ ፈተና ላይ ናት" አላቸው። "ውጭ አገር ሆስፒታል ልትቀጠር ነው። ኔትወርኩ እንዳይቆረጥባት ብዬ ነው።"

ውዳሴ ከስልኩ ቀና ብላ አየችው። እትዬ ዘመነች አንዴ እሱን፣ አንዴ ልጅቷን አዩ። የሚጠይቁት ብዙ ነገር እንዳለ ያስታውቃል፤ ግን አልጠየቁም። ስልኩን ከልጆቹ እጅ ወስደው አጠፉና "ጌታ ይርዳት" አሉት።

"አሜን" አለ ጥሩሰው፤ ውዳሴን እጇን ያዛትና ወደሚቀጥለው በር ሄደ።