ከወፍጮ ቤት ጀርባ ያለው ሰርቨር

ሱዓድ ሰርቨሩን የተከለችው ከአጎቷ ከበድረዲን ወፍጮ ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ሰርቨር ይባል እንጂ ያረጀ ኮምፒዩተር ነው፤ የገባበትን ዱቄት በብሩሽ ጠርጋለታለች። ሥራው የጻፈችውን ኮድ ተቀብሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሱ መፈተሽ፣ ካለፈም ወደ ደሴ መላክ ነው። ካለፈ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ይወጣል፤ ከወደቀ ቀይ።

ደሴ ያለው አለቃዋ ብርሃኑ ቁርጡን በስልክ ነግሯታል። "ፕሮግራሙ ለጤና ጣቢያዎች ነው፤ ያልተፈተሸ ኮድ አልቀበልሽም። እስከ ዛሬ ማታ ተፈትሾ ከደረሰኝ እዚያው ቆቦ ሁኚ። ካልሆነ ደሴ መጥተሽ ትሠሪያለሽ።"

ደሴን አትጠላም። ግን ጠዋት መስኮቷን ከፍታ ከሜዳው ማዶ የዞብልን ተራራ ካላየች ቀኑ የጀመረ አይመስላትም።

ፍተሻው ግማሽ ሲደርስ ኮምፒዩተሩ ጠፋ። አስነሳችው፤ ደግሞ ጠፋ። በሦስተኛው ጆሮዋን ሰጠች። የወፍጮው ሞተር እየዞረ ሳለ ምንም አይሆንም። ቆሞ ሲነሳ ግን ኃይሉን ስለሚሻማ አምፖሉ ይፈዛል፣ ኮምፒዩተሩም ይጠፋል። በድረዲን ደግሞ ከማሽላ ወደ ጤፍ፣ ከጤፍ ወደ ማሽላ በተሻገረ ቁጥር ሞተሩን አቁሞ ድንጋዩን ይጠርጋል። የሰው ጤፍ ውስጥ ማሽላ ማስገባት እሱ ዘንድ ነውር ነው።

ወደ ወፍጮ ቤቱ ገባች።

"አጎቴ፣ ሞተሩን ሳታቆም ብትፈጭልኝ?"

"ሳልጠርግ? የሰው ጤፍ ላበላሽ?"

ተራ የያዙትን ጆንያዎች አየች፤ ማሽላና ጤፍ ተሰበጣጥረው ቆመዋል። "ማሽላው ሁሉ ቀድሞ፣ ጤፉ ሁሉ ኋላ ቢሆንስ?"

"ተራው የኔ መሰለሽ? ማሚቴን ጠይቂ።"

እትዬ ማሚቴ ጎህ ሳይቀድ መጥተው ጤፋቸውን ከሁሉ ፊት ያስቀመጡ ናቸው።

"እትዬ ማሚቴ፣ ዛሬ ማሽላዎቹን ያስቀድሙልኝ።"

"ለማን ብዬ?"

"ለኮምፒዩተሩ።"

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። "ምን ሊያስፈጭ መጣ ደግሞ እሱ?" አሉ ማሚቴ።

ሱዓድ አንገቷን ደፋች። "ፍተሻው ካላለቀ ደሴ ልሄድ ነው።"

ሳቁ ቆመ። ማሚቴ ጆንያቸውን በእግራቸው ወደ ጎን ገፉት። "ታዲያ የኔን ስልክ ማን ሊያስተካክል? ማሽላዎች እለፉ! ተራዬ ግን አይነካ፤ ከጤፎቹ ፊት ነኝ።"

"አብሽሪ፣ ሱዓዴ" አለ በድረዲን፤ ሞተሩንም አስነሳ።

ማሽላው እየተከታተለ ፈሰሰ። ሱዓድ ፍተሻውን እንደገና አስጀምራ፣ በሩን ክፍት ትታ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች። ፍተሻው ሊያልቅ ሲል የበድረዲን ድምፅ መጣ።

"ማሽላው አለቀ! ድንጋዩ ባዶውን እንዳይፋጭ ላቁም?"

"ትንሽ! ትንሽ ብቻ!"

በዚህ መሃል ከሮቢት የመጣ አራጌ የሚባል ገበሬ አህያውን እየነዳ በር ላይ ደረሰ። ሌላ ቀን ቢሆን ማሚቴ አርፍዶ የመጣ ሰው ከፊታቸው አያሳልፉም።

"አንተ! የጫንከው ማሽላ ነው?"

"አዎ፤ ምነው?"

"ምነው ትላለህ? አራግፍና ግባ!"

አራጌ ግራ እንደተጋባ ጆንያውን ተሸክሞ ገባ። ማሽላው ግማሽ ሳይደርስ ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ።

"አለፈ!" ብላ ጮኸች፤ በጩኸቷ ራሷ ደነገጠች።

"አልሐምዱሊላህ" አለ በድረዲን። "ከነገ ጀምሮ ጠዋት ማሽላ፣ ከሰዓት ጤፍ ነው። የመጥረጉም ድካም ይቀንስልኛል።"

"የነገውን ነገ ታወራለህ" አሉ ማሚቴ። "አሁን የኔን ጤፍ አፍስስ።"

የአራጌ ማሽላ አለቀ፤ ሞተሩ ቆመ፣ ድንጋዩ ተጠረገ። ሞተሩ ዳግም ሲነሳ አምፖሉ ፈዘዘ፣ ኮምፒዩተሩም ድርግም አለ። ሱዓድ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ስልኳ ላይ የብርሃኑ አጭር መልእክት ገብቶ ነበር፦ "ደርሶኛል። ቆቦ ሁኚ።"