ያልተዘቀዘቀ ኩታ

«ኩታህን አዘቅዝቅ እንጂ ሰውዬ! ሠርግ ቤት መጣህ እንዴ?» አለ ኡበይዳ በሹክሹክታ።

አስናቀው ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ቢቸና፣ የመምህር አካለ ወልድ የሣልስት ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛው ሁሉ የኩታውን ጥለት ወደ አንገቱ አዙሮ ደፍቷል። የአስናቀው ጥለት ግን እንደ ዓውደ ዓመት ወደ ታች ተንዠርግጓል። እሱ ከሞጣ በጠዋቱ አውቶቡስ የመጣው ሊያለቅስ አይደለም፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያመረቀዘ ቁስል ሊያፈርጥ ነው።

«ኧረ ሙት ወቃሽ አትሁን!» አብሮ አደጉ ኡበይዳ እጁን ስቦ አግዳሚው ላይ አስቀመጠው።

«በሕይወት ሳለ አፌን ለጎመኝ። አሁን ማን ይለጉመኛል?»

ያኔ ሁለቱም ሰባተኛ ክፍል ነበሩ። መምህሩ «የግቢውን ባሕር ዛፍ ቁመት ሳትወጡበት ለክታችሁ ኑ» አለ። አስናቀው አንድ ዱላ መሬት ላይ ተክሎ፣ ጥላው ዱላውን እስኪያክል ጠበቀ። ያኔ ሮጦ የዛፉን ጥላ በክንዱ ለካ። በማግሥቱ ሰልፍ ላይ «ሃያ ስምንት ክንድ» ሲል መምህሩ ፈገግ እንኳ አላለም።

«ከማን ሰረቅኸው? የአንተ ጭንቅላት ይህን አይወልድም!»

አንበረከከው። ተማሪው በሙሉ ሳቀ። አስናቀው ደብተሩን ጥሎ ሞጣ ገባና አናጢ ሆነ። ጣሪያ ላይ በወጣ ቁጥር ያ ሳቅ ከታች ይሰማዋል።

አሁን ድንኳኑ ውስጥ ወይንእሸት የምትባል መሐንዲስ፣ ከእነ አስናቀው በኋላ መምህሩ ያስተማራት፣ ዓይኗን እየጠረገች ታወራለች። «እኛን ሰው ያደረገን አንድ ጥያቄ ነው። መልሳችን ልክም ይሁን ስህተት፣ ጋሼ ‹እንዴት ደረስሽበት?› ብለው ወንበር ስበው ይቀመጡ ነበር። ሳንጨርስ አይነሱም። እሳቸው ሲያደምጡን፣ እኛም የራሳችንን ሐሳብ ማድመጥ ጀመርን።»

አስናቀው ዘሎ ተነሳ።

«እኔን አልጠየቀኝም! ሌባ ብሎ ነው ያንበረከከኝ! እስቲ ይህንንም አልቅሱለት!»

የዕድሩ ሰዎች ሊያስወጡት ሲነሱ፣ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት የመምህሩ ባለቤት እትዬ ሀብትነሽ እጃቸውን አነሱ።

«ተዉት። የባሕር ዛፉ አስናቀው ነህ?»

ክው አለ።

«በሄድህ በሳምንቱ ገመድ አሲዞ ሰው አስወጣና አስለካው። ሃያ ስምንት ክንድ። ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ‹አንድ ልጅ ገደልሁ› አለኝ። ያን ጥያቄ መጠየቅ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።»

«ታዲያ ሞጣ ሰማይ ላይ ነች? ለምን አልመጣም?»

«አፈረ። ሁለት ጊዜ ከመናኸሪያ ተመልሷል።»

አስናቀው ባሰበት። ለካ ሰውዬው የእሱን ካሣ ለሌሎች ልጆች ሲያድል ኖሯል! እነ ወይንእሸት የበሉት የእሱን ድርሻ ነው፤ ለእሱ የደረሰው ያ ሳቅ ብቻ።

እትዬ ሀብትነሽ ግን ዓይናቸውን አልነቀሉበትም። «ልጄ» አሉት፤ «ለመሆኑ እንዴት ደረስህበት?»

«ዱላ… ተከልሁ» አለ።

ዞር ብሎ ኡበይዳን አየው። «ለእሱ አይደለም» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ለዚያ ዱላ ለተከለው ልጅ ነው።»

ኩታውን ከትከሻው አወረደና፣ ጥለቱን ወደ አንገቱ አዘቀዘቀ።