ሲሪንጁን የሚገፋው ጣት

የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ሃያ ሲሪንጅ ከሃያ ቅጽ ጋር ወደ ክሊኒኩ ላከ። የጥርስ ልክ ሲወሰድ በተሞረደው ጥርስ ዙሪያ ለስላሳውን ሊጥ የሚያፈሱ፣ አንዴ ሠርተው የሚጣሉ ናቸው። ሐኪሞች ሞክረው ይበጃል ካሉ፣ የድሮዎቹ የብረት ሲሪንጆች ከየክሊኒኩ ይወጣሉ።

አሥሩ ለአክስትየው፣ አሥሩ ለወንድሟ ልጅ ደረሰ። ሁለቱም የጥርስ ሐኪሞች ናቸው፤ የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። አክስትየው ስድሳ ሁለት ዓመት ሆኗታል። «መግፊያው ይከብዳል?» ለሚለው አራተኛ ጥያቄ ስድስት ጊዜ «በጣም» ብላ መልሳለች።

«እትዬ፣ እኔ ሁሉንም ቀላል ነው ብያለሁ» አለች ልጅቷ፣ ቅጾቹን ጎን ለጎን አድርጋ። «ማኅበሩ ሁለት ዓይነት ዕቃ የላከልን ሳይመስለው አይቀርም።»

«አንቺማ ግድግዳም ብትገፊ ቀላል ነው ትያለሽ።»

አክስትየው ሰባተኛውን በአንድ ሾፌር መንጋጋ ጥርስ ላይ ሞከረችው። የሲሪንጁን ጫፍ በጥርሱ ዙሪያ እየመራች ከኋለኛው ማዕዘን ስትደርስ አውራ ጣቷን ከሥሩ ወጋት። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆመችና ቀጠለች። ሊጡ ሲደርቅ አውጥታ በማጉያ መነጽር አየችው፤ ማዕዘኑ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ክፍተት አለች።

«ይኸው» አለች በልቧ። ቅጹ ላይም «ሊጡን ይቆራርጣል» ብላ ጻፈች።

«አለቀ ዶክተር?» አለ ሾፌሩ በደነዘዘ አፉ። «ምላሴን የት እንዳደረግኳት ጠፋኝ።»

«ከአፍህ አልወጣችም፣ አይዞህ። ጊዜያዊውን ሽፋን ሳላደርግልህ እንዳትነሳ።»

ልኩን ይዛ ወደ ጓሮው ክፍል ሄደች። የጥርስ ሽፋን ሠሪው እስከ ቅንድቡ ጀሶ ለብሶ ተቀምጧል። ቅጹ ላይ ምስክር እንዲሆናት ክፍተቷን አሳየችው።

«እቺንማ አውቃታለሁ» አለ ሳያስበው። ወዲያው አቀረቀረ።

«ከየት ታውቃታለህ? ሲሪንጁ የመጣው በዚህ ሳምንት ነው።»

ሰውዬው እጁን በሽርጡ ጠራረገ። «በብረቱም ነበረች፣ ዶክተር። ስምንት ወር ይሆናታል። ልኩ ውስጥ ሳፈሰው እዚያ ቦታ ላይ ጀሶው ያብጥብኛል፤ በቢላ እፍቀውና የጥርሱን ጠርዝ አወጣለሁ።»

«ጠርዙን በምን አውቀህ?»

«በግምት።»

«ስንት ሰው?»

«አሥራ አንድ።»

«አፍ የለህም? ለምን አትነግረኝም!»

«ምን ብዬ ልናገር? ቢላ አያያዝ ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ልትቆጣው ፈልጋ ነበር፤ ግን ጀሶ የለበሰው ቅንድቡ እንደ ልጅ አሳዘናት። ደግሞም ንዴቷ በማን ላይ እንደሆነ ታውቀዋለች። ጣቷን ማታ ማታ እንደሚያማት እያወቀች፣ ብርዱ ነው እያለች ስንት ወር ራሷን ሸንግላለች።

ስትመለስ ሾፌሩ ቀና ብሎ አያት።

«ልኩ አልያዘም፣ ወንድሜ። እንደገና ይወሰዳል።»

«ዕቃው ተበላሸ?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ቅጹም ያንኑ ይላል።

«ዕቃው ደህና ነው። የኔ ጣት ነው» አለችና የወንድሟን ልጅ ጠራቻት።

ልጅቷ ጓንት አጠለቀች። አክስትየው ምራቅ መሳቢያውን ይዛ ቆመች፤ ይህን ከያዘች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። የልጅቷ አውራ ጣት ማዕዘኑን ሳይቆም ሲዞረው አየች። አማረባት፤ ትንሽም ከፋት።

ሾፌሩ ከሄደ በኋላ አክስትየው ቅጾቿን ልትቀዳድዳቸው ስትል ልጅቷ ያዘቻት። «እትዬ፣ ተዪ። ከብዶሽ ከብዷል ማለት ውሸት ነው እንዴ? እጁን የሚያመው ሐኪም አንቺ ብቻ ነሽ?»

አክስትየው አሰበችበት። «ሊጡን ይቆራርጣል» የሚለውን ሰረዘች። ከእያንዳንዱ «በጣም» አጠገብ ግን «የሞካሪዋ ዕድሜ ስድሳ ሁለት፣ አውራ ጣቷን ያማታል» ብላ ጻፈች።

«አሁን ሽፋን ሠሪው የሚነግርሽን የአሥራ አንድ ሰዎች ካርድ አውጪልኝ።»

«እኔ ልደውልላቸው?»

«እኔው እደውላለሁ።»

የመጀመሪያዋ ሴትዮ ስልኩን ወዲያው አነሱ። «ኧረ ጥርሴ ደህና ነው፣ ዶክተር! ምንም አላለኝም።»

«ይሁን፣ እናቴ። ነገ ብቅ ይበሉና ልየው። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጠርዙን እርግጠኛ አይደለሁም።»