ለቢላዋ አንገት የሚሆን ቀለሃ

ሸጋው ለግራዝማች እንግዳው ክፉ አይመኝም ነበር። እንዲሞቱለት ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ ያውም ከጥምቀት በፊት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸጋው ደባርቅ ገበያ ዳር፣ ባሕር ዛፉ ሥር ቢላዋ ይሠራል። እጀታው የበሬ ቀንድ ነው፤ ስለቱና ቀንዱ የሚገናኙበት አንገቱ ላይ ደግሞ የናስ ቀለበት ያለብሰዋል። ያ ቀለበት ከሌለ ቀንዱ ይሰነጠቃል። ናሱን የሚያገኘው ከተተኮሰ ጥይት ቀለሃ ነበር። ደርግ በወደቀ ሰሞን ቀለሃ እንደ ጠጠር በየመንገዱ ይለቀም ነበር፤ ኋላ ግን ነጋዴ ጠራርጎ ወሰደው። አሁን በየሠርጉ የሚተኮሰው የክላሽ ነው፤ የሱ ቀለሃ ደግሞ ናስ ሳይሆን ብረት ነው፣ አንድ ክረምት ሳያልፍ ይዝጋል። ሸጋው የፋኖስ አፍ ሞከረ፣ ሳሳበት። አሮጌ ቁልፍ አቀለጠ፣ ተፈረካከሰበት። የቀረው የድሮው ምንሽር ጠመንጃ የናስ ቀለሃ ነው። ምንሽር ያላቸው ደግሞ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ለጥይታቸው እንደ ዐይናቸው ብሌን ይሳሳሉ፣ ከእኩያቸው ቀብር በቀር አይተኩሱም።

ይህን ሁሉ ጭንቅ ያመጣበት ቡይት ራስ ያለ አንድ የቱሪስት ሎጅ ነው። የምታስተዳድረው ልጅ፣ እየሩስ፣ አንዱን ቢላዋ አገላብጣ አይታ፣ "ዲዛይኑ ቀለበቱ ላይ ነው። ከነቀለበቱ አንድ ደርዘን ለጥምቀት አድርስልኝና በሩ ጥግ ያለውን ክፍል መሥሪያ አድርገው" አለችው። ዕድሜውን ሙሉ ዝናብና ውርጭ እየመታው ለቀጠቀጠ ሰው ጣሪያ ያለው ክፍል ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ካላደረሰ ግን ክፍሉ ለዳባቱ ቢላዋ ሠሪ ለገዱ ነው። ገዱ እኮ የውኃ ቧንቧ ቆርጦ ቀለበት ነው የሚል፣ እፍረት ያልፈጠረበት ሰው ነው።

ግራዝማች ደግሞ የባለ ምንሽሮቹ እኩያ ናቸው። መታመማቸው በተሰማ ማግስት ሸጋው ነጠላውን አጣፍቶ ሊጠይቃቸው ሄደ።

"እግዜር ይማርዎ፣ ግራዝማች" አለ፣ እግዜር እንዳይሰማበት ድምፁን ዝግ አድርጎ።

"አሜን። ማነህ አንተ?"

"ሸጋው ነኝ፣ ቀጥቃጩ።"

"በል ተቀመጥ። ልጆቼ እንኳ ጎንደር ተቀምጠው በስልክ ነው የሚጠይቁኝ።"

ሸጋው ተቀመጠ። ትንሽ ስለ መኸሩ፣ ትንሽ ስለ ውርጩ አወራና፣ "ያ የዛሪማው ወዳጅዎ ምንሽሩን ሸጠው ይሆን?" ሲል ጣል አደረገ። ሽማግሌው ዐይናቸው በራ። አልሸጠም። የአምባ ጊዮርጊሱም አልሸጠም። ማን ምን እንደያዘ፣ የት እንዳገኘው፣ የማን እንደሚከሽፍ ሲያጫውቱት ዋሉ። ምሳ ሲቀርብ ደግሞ "ና ብላ" ብለው ከገበታቸው አስጠጉት። ሸጋው ደነገጠ። ብረት የሚቀጠቅጥ በዐይኑ ይበላል እየተባለ፣ ሲያልፍ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ የሚሸፍኑበት ሰው ነው፤ ከሰው ገበታ ቆርሶ አያውቅም።

በየቀኑ ተመላለሰ። አንድ ቀን፣ "ለክፉ ቀን እነዚህ ሁሉ ይመጡልዎታል?" አለ።

"እንዴት አይመጡ!"

"ይተኩሳሉ?"

"ሰማዩን ነው የሚቀዱት።"

ሸጋው ምራቁን ዋጠ። ግራዝማች ምራቁን ሲውጥ አዩት፤ ፊቱንም ትኩር ብለው ተመለከቱ።

ጉድ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ሽማግሌው ይሻላቸው ጀመር። ጨዋታ ያላገኙ ሰው ጨዋታ ሲያገኙ ቀና አሉ፣ በሶ ጠየቁ፣ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ሞቁ። የሸጋው ሚስት አገርነሽ ሳቋን መያዝ አቃታት።

"አንተ ሰው፣ ልትቀብራቸው ነው የምትሄደው ልታድናቸው? ቤትህ ብትቀመጥ እኮ ይኼን ጊዜ ሞተውልህ ነበር።"

እውነቷን ነው። ሸጋውም ነገ እቀራለሁ ይላል፤ ነገ ሲደርስ ግን እግሩ ወደዚያው ይወስደዋል። ለቀለሃው ነው እያለ ራሱን ያጽናናል።

ጥምቀት ሳምንት ሲቀረው ግራዝማች በተኙበት አረፉ። ሽማግሌዎቹ ከዛሪማም ከአምባ ጊዮርጊስም ምንሽራቸውን አንግተው መጡ። ሸጋው ቀድሞ ቦታውን መርጧል፤ ቀለሃው የሚፈናጠርበትን አቅጣጫ አስልቶ ከተኳሾቹ በስተቀኝ ቆመ። ነጠላውንም ለለቀማ እንዲመች አድርጎ አደገደገ።

አስከሬኑ ሊወርድ ሲል የሟች የበኩር ልጅ ወልደ ሩፋኤል እጁን አነሣ።

"አባቴ የተናዘዘው ቃል አለ" አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። "ሰሞኑን በስልክ 'ሸጋው ተኩስ ይፈራል' አለኝ። 'ማን ይመጣል፣ ይተኩሳል ወይ እያለ የሚጠይቀኝ ፈርቶ ነው። እናንተ ልጆቼ ያላስታመማችሁኝን እሱ አስታሞኛል። በቀብሬ ቀን እንዳይደነግጥብኝ፤ አንዲት ጥይት እንዳትተኮስ' ብሏል።"

ሕዝቡ ሁሉ ወደ ሸጋው ዞረ። ሽማግሌዎቹ አፈ ሙዛቸውን ወደ መሬት ደፉ። ሸጋው አልፈራም ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ጩኸት ነው። ክፍሉ ሄደ፣ ጣሪያው ሄደ፣ ለገዱ፣ ለዚያ ለቧንቧ ቆራጭ። ደረቱን እየደቃ አለቀሰ። "ወይ መውደድ" ይላል ለቀስተኛው፤ እሱ ይህ ሲባል እየሰማ ይብስበታል።

ቀብሩ እንዳበቃ ወልደ ሩፋኤል ክንዱን ይዞ ከቤተሰቡ ጋር አሰለፈው። ያ ልጁን ይሸፍንበት የነበረ ሰው ሁሉ እየመጣ እጁን ጨበጠው፣ "እግዜር ያጽናህ" አለው። ሸጋው መጀመሪያ አፈረ። እየቆየ ግን ሌላ ነገር ሆዱን አባባው። ይህን ሁሉ ዘመን ሲኖር ሰው እሱን ሲፈራው እንጂ ይደነግጥብኛል ብሎ ሲሳሳለት አይቶ አያውቅም። የሳሱለት አንድ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውን ደግሞ ሞታቸውን ሲጠብቅ ከረመ።

ወደ ማታ ቤቱ ገባ። አገርነሽ ቀለሃውን የምትቀበልበት ጨርቅ ዘርግታ ትጠብቀው ነበር።

"እህ፣ ቀናህ?" አለችው።

"አባቴ ሞተብኝ" አላት።

የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። ፊቱን ስታይ ጨርቁን አጠፈችና አጠገቡ ተቀመጠች።