አንድም ቀን ያልቀረችው

የተማሪዎቹ ሰርቪስ ለጥገና ብሎ የሄደው ትምህርት በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሾፌሩ «ሰኞ እንገናኝ» ብሎ እጁን አውለብልቦልን ወጣ። የትኛው ሰኞ እንደሆነ አልነገረንም። እኛም ጨዋዎች ነን፣ አልጠየቅንም።

ሰፈራችን በሰሜን በኩል ካሉት ሁሉ የመጨረሻዋ ናት፤ ከእኛ ወዲያ ያለው ነፋስ ብቻ ነው። ድሮ የራሳችን ትምህርት ቤት ነበረን። መንግሥት «ልጆቹ ጥቂት ናቸው» ብሎ ዘጋውና ከድንጋይ ካባው ማዶ ካለው ትልቁ ትምህርት ቤት ጋር ቀላቀለን፤ በምትኩ ሰርቪስ እንደሚመድብ በማኅተም ቃል ገባ። በእግር ሁለት ሰዓት ይወስዳል። መንገዱን ድንጋይ የጫኑ ከባድ መኪኖች ይጋሩታል፤ እነሱ ከተጋሩት ደግሞ ለእግረኛ የሚተርፍ ነገር የለም።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። በእኔ የጫማ መጠገኛና በእሷ የስፌት መኪና መካከል ያለው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው፤ መርፌ ሲሰበርባት የምትለውን ሁሉ እሰማለሁ፣ አልደግመውም እንጂ። አንዲት ልጅ አለቻት፣ ስምንተኛ ክፍል። ሰፈሩ «ጠያቂዋ» ይላታል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ እሷ ግን ደብተሯን ይዛ ትመጣና «ጋሼ፣ ይሄ ለምንድነው እንዲህ የሆነው?» ትለኛለች። ይሄኔ ሚስማሮቼን አፌ ውስጥ እጨምራለሁ። አፉ ሚስማር የሞላ ሰው መልስ አይጠበቅበትም።

ሰርቪሱ ከቀረ በኋላ ሁለት ሳምንት በእግሯ ተመላለሰች። አንድ ጠዋት አንዱ የድንጋይ መኪና ሲያልፍ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ላይ መንጭቆት ሄደ። እሷ ቆማ ቀረች፤ ማንገቻው ብቻ እጇ ላይ ነበር። እናቷ የዚያኑ ቀን በሩን ዘጋችው።

«ሰርቪሱ እስኪመጣ አጠገቤ ቁጭ በይ። ትምህርቱን በሕይወት ካለሽ ትደርሺበታለሽ።»

ግን ደንብ አለ። ሠላሳ ቀን የቀረ ተማሪ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ የተሰረዘ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አይቀመጥም። ልጅቷ ደግሞ ያንን ፈተና ከሕፃንነቷ ጀምራ ስትጠብቀው የኖረች ናት። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ እኔ ብልጥ የሆንኩት።

መምህሯ ጫማውን ሊያስጠግን እኔ ጋ መጣ። ባለካልሲ እግሩን ካርቶን ላይ አሳርፎ ተቀመጠ።

«መምህር፣ ስም ሲጠሩ የሌለ ልጅ ላይ ኤክስ ነው የሚያደርጉት፣ አይደል?»

«ኤክስ ነው።»

«ራይት ቢሆንስ? ሰርቪሱ እስኪመጣ ብቻ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጫማዬን ይዘህ ነው የምትለምነኝ?»

«እግርዎን ይዤ ከምለምን ይሻላል ብዬ ነው።»

ሳቀ። ጥሩ ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። «እስኪመጣ ብቻ» አለ።

ወሬው በቆርቆሮው ግድግዳ አልፎ ሰፈሩን አዳረሰ። «የኔንም ልጅ»፣ «የኔንም»። መምህሩ ባልደረቦቹን ለመነና የሰፈራችን አሥራ አራት ልጆች በሙሉ ራይት ሆኑ። ልጆቹ ቤት ናቸው፣ ራይቶቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ሁላችንም እፎይ አልን።

ሰርቪሱን ለመጠየቅ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሦስት ጊዜ ደጅ ጠናን። ማመልከቻውን የጻፈችው ራሷ ልጅቷ ናት፤ ከሁላችንም ጽሕፈት የሚነበበው የእሷ ነው። ከሦስት ወር በኋላ «መልስ ውሰዱ» ተባልን። እናትየው፣ ልጅቷና እኔ ጠዋት ገባን።

በሩ ላይ «የተማሪዎች መቅረት ክትትል» ይላል። ኃላፊው ካፖርቱን እንደለበሰ ተቀምጧል። የጠረጴዛው አንድ እግር ስለሚያጥር በታጠፈ ወረቀት ተደግፏል። የእኛ ማመልከቻ አለመሆኑን ጎንበስ ብዬ አረጋገጥኩ።

«እትዬ፣ ጥያቄያችሁ ታይቷል» አለ። «ሰርቪስ የሚመደበው ልጆች ለሚቀሩበት አካባቢ ነው። በየወሩ መዝገቡ ይመጣልኛል። የእናንተ ሰፈር...» በክር ከታሰረ ክምር አንዱን ፈትቶ ገለጠና በጣቱ ከላይ እስከ ታች ወረደ። «የእናንተ ሰፈር አንድም የሚቀር የለም። እንዲያውም ከሰሜን ሰፈሮች ሁሉ እናንተ ናችሁ አንደኛ።»

ጎረቤቴ አየችኝ። አስተያየቷን እዚህ አልጽፈውም።

«ልጄ ሦስት ወር ሙሉ ቤት ናት እኮ ጌታዬ» አለች።

«መዝገቡ እንደዚያ አይልም።»

«ይቺውና፣ አጠገቤ ቆማ!»

ልጅቷ አንገቷን አስግጋ መዝገቡን አየችው። «ባለፈው ማመልከቻ ያስገባን ቀን እዚህ ነበርኩ። ቅጂው ላይ የናንተ ማኅተም፣ የናንተ ቀን አለ። መዝገቡ ላይ በዚያም ቀን ራይት ነኝ?»

ኃላፊው ተመለከተ። «ራይት ነሽ።»

«ታዲያ አሁንስ የት ነኝ?»

ሰዓቱን አየ። «በዚህ ሰዓት? ክፍል ውስጥ ነሻ።» እየቀለደባት አልነበረም። ቢቀልድ ይሻለኝ ነበር።

«ጌታዬ» አልኩት፣ «ልጅን ትምህርት ቤት ማድረስ የመንግሥት ኃላፊነት አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ። ግን የመንግሥት ኃላፊነት የሚጀምረው ልጁ ሲቀር ነው። ይቺ አልቀረችም።»

አልቻልኩም። «ራይቱን ያስደረግሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «መምህሩን ለምኜ።»

ኃላፊው ተነስቶ በሩን ዘጋው። ሲመለስ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ይሄን አልሰማሁም። ከሰማሁ መጻፍ አለብኝ። ከጻፍኩ መምህራኑ በሐሰተኛ ሰነድ ይከሰሳሉ። አሥራ አራቱም ልጆች ሠላሳ ቀን ስላለፋቸው ዛሬውኑ ይሰረዛሉ። ሰርቪሱ ደግሞ ለቀጣዩ ዓመት በጀት ይጠየቃል፤ ይፈቀድ አይፈቀድ አላውቅም።» ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እናትየው ገፋ አደረገ። «ከፈለጉ ይጻፉ። እኔ ተቀብዬ ማኅተም አደርጋለሁ።»

ጎረቤቴ እስክሪብቶውን አነሳች። መርፌ እንደምትይዘው በሁለት ጣቷ ያዘችው። ከግድግዳው ማዶ የታይፕ ድምፅ ይሰማል። ልጅቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ወረቀቱን አየች። ከዚያ እስክሪብቶውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«ቢያንስ ስሟ እዚያ ይኑር» አለች።

ስንመለስ መንገድ ላይ ልጅቷ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «ጋሼ፣ ሚስማርህን ረስተህ ነው የመጣኸው?»

ከዚያ ወዲያ ነገሩ በራሱ ጊዜ ሄደ። ከተማ ያለው ሆቴል ልብስ አጣቢ ይፈልጋል ተባለ። ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቹን የሚወስድ ፒክአፕ ሰፈራችን ድረስ ይመጣል። አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም፤ እስከ በር ድረስ መጥቶ ጥሩምባ ይነፋል። ልጅቷ «ሥራ ፈትቼ ከምቀመጥ» አለችና ገባችበት። እጇ በሳሙና ተላጠ። ደብተር ይዛ እኔ ጋ መምጣቱን ተወች፤ እኔም ሚስማሮቼን ዕቃቸው ውስጥ መተው ለመድኩ።

የፈተናው መግቢያ ካርድ መጣላት፣ በእርግጥ። ስሟ መዝገብ ላይ አለ። ሄደች፤ ገና እኩለ ቀን ሳይሆን ተመለሰች።

«ምነው ቶሎ መጣሽ?» አልኳት።

«ስሜን ጻፍኩ ጋሼ። እሱን አልረሳሁትም።» አለፈችኝና ገባች። ከቆርቆሮው ማዶ የስፌት መኪናው ቆመ።

ዓመቱ ሲያልቅ ሰርቪሱ መጣ። ሰኞ ነበር። አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ከውስጡ ኃላፊው፣ መምህራኑና ሌሎች ባለ ካፖርቶች ወረዱ። በተዘጋው ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ሰበሰቡን። በመገኘት ከሰሜን አንደኛ ወጥተን ልንሸለም ነው። ልጅቷ እንድትመጣ ተነግሯት ነበር፤ አሠሪዋ ግን «አንድ ቀን ከቀረሽ አትመለሺ» አላት። ፒክአፑ እንደወትሮው ጥሩምባውን ነፍቶ ወሰዳት።

ኃላፊው ስለ ወላጆች ትጋት ተናገረ። አጨበጨብን፤ ሌላ ምን እናደርጋለን? ከዚያ ዝርዝሩን አውጥቶ መጀመሪያ የእሷን ስም ጠራ።

ማንም አልመለሰም።

ደግሞ ጠራ። መምህሩ የጠገንኩለትን ጫማ ይመለከታል። እኔ የማየው አጣሁ።

«አቤት» አለች እናቷ ከኋላ።

ኃላፊው ቀና ሳይል ወረቀቱ ላይ ራይት አደረገ።